ጠጣር ብርሃን መሳዩ ቱቦ፦ የፒክስል ላይትሴበር ግምገማ

በስታር ዋርስ ፊልሞች የታየውን የሚመስለው፣ ላይትሴበር ተብሎ የሚሸጠው የብርሃን ሰይፍ ሲፈታ ሦስት ነገር ይወጣዋል፦ የአሉሚኒየም እጀታ፣ የፖሊካርቦኔት ቱቦ እና ቱቦው ውስጥ የሚበራ ኤልኢዲ። ሁለት ሰይፍ ሲጋጭ ምቱን የሚችለው ፕላስቲኩ ነው፤ የብርሃኑ ሥራ ዓይንን ማሳመን ነው። ሻጮች ግን አሳምረው ፎቶ የሚያነሱት እጀታውን ነው፤ ዋጋ የሚጨምሩትም በቅርጹ፣ በቀለሙና በተቀረጸበት ጌጥ ነው። እኛ የምንመክረው ሌላ ነው። እጀታው ተራ ይሁን፤ ገንዘቡ ቱቦው፣ ባትሪውና ሁለቱን የሚያገናኘው ክፍል ላይ ይዋል። ብርሃኑን ጠጣር የሚያስመስሉትም፣ ከሌላው ቀድመው የሚበላሹትም እነዚህ ናቸው።

ዕቃው በሁለት ዓይነት ይመጣል። «አርጂቢ» የሚባለው እጀታው አፍ ላይ አንድ ኃይለኛ መብራት አለው። ቱቦው ውስጡ ባዶ ነው፤ ብርሃኑ ከታች ይገባና ጫፉ ላይ ካለች አንጸባራቂ ክብ እየተመለሰ ይሰራጫል። ከእጀታው አጠገብ ይደምቃል፣ ወደ ጫፉ ይደበዝዛል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ልዩነቱ ብዙ አይታወቅም፤ አምፖል በበራበት ሳሎን ግን ጎልቶ ይታያል። «ፒክስል» የሚባለው ደግሞ በቱቦው ሙሉ ርዝመት ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ሁለት የኤልኢዲ ጥብጣቦች አሉት፤ እያንዳንዷ መብራት ለብቻዋ ትታዘዛለች። ስለዚህ ብርሃኑ ከእጀታው ተነስቶ እያደገ ይወጣል፤ ሲመታ የተመታው ቦታ ብቻ ነጭ ይሆናል፤ ጫፉ ግድግዳ ሲነካ እንደ ጋለ ብረት ይቀላል። ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከአርጂቢው እጥፍና ከዚያም በላይ ነው።

ለሕፃናት ጨዋታ እና አጥብቆ ለሚማታ ሰው አርጂቢው ይበቃል። ባዶ ቱቦ ውስጥ የሚሰበር መብራት የለም፤ ቱቦው ቢያረጅም መተኪያው ርካሽ ነው። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ስለ ፒክስሉ ነው።

ቱቦው ፖሊካርቦኔት መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ። አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክም ጥርት ያለና ርካሽ ነው፤ ሲመታ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰንጥቆ ስለታም ስብርባሪ ይሆናል። ፖሊካርቦኔት ይጎብጣል፣ ይጫጫራል፣ አይበተንም። የተለመደው የውጭ ስፋት 1 ኢንች ወይም 25.4 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ግድግዳው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ምን ያደርጋል አትበሉ። 92 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ባለ 2 ሚሊሜትሩ ባዶ ቱቦ በስሌት 160 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ባለ 3ቱ 230 ግራም ገደማ። የ70 ግራሙ ትርፍ ክብደት ከእጅ ርቆ ስለሚወዛወዝ ከሩብ ሰዓት ማሽከርከር በኋላ የእጅ አንጓ ላይ ይሰማል። ለማሽከርከርና ለፎቶ ባለ 2ቱ፣ ለመማታት ባለ 3ቱ ይሻላል። ቁመቱ አጠር ላለ ሰውና ጣሪያው ዝቅ ላለ ቤት 81 ሳንቲሜትሩን እንመርጣለን፤ የሚበራው መብራት ቁጥር ስለሚያንስ ባትሪውም ይቆያል።

ቱቦው ውስጥ ብርሃኑን የሚያሰራጭ ነጭ ስፖንጅ እና የተጠቀለለ ስስ ፕላስቲክ አለ። የዕቃው ጥራት ከሁሉ በላይ የሚለየው እዚህ ነው። ለመፈተን ሰይፉን በዝቅተኛ ድምቀት፣ ሰማያዊ ላይ አድርጋችሁ ከጎን ተመልከቱት። ደህና ከሆነ አንድ ወጥ ዘንግ ይታያል። ካልሆነ መብራቶቹ እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድረው ይቆጠራሉ። ቀጥሎ እጀታውን በሁለት መዳፍ መካከል እያንከባለላችሁ ቱቦውን በዝግታ አዙሩት፤ ሁለቱ ጥብጣቦች በሚዋሰኑበት ጎን ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጥላ ብቅ ይላል። ጥላው ጨርሶ የማይታይበት ቱቦ እምብዛም አይገኝም። ከሁለት ሜትር ርቀት የሚታይ ከሆነ ግን ይመለስ፤ የብርሃኑን ጠጣርነት የሚያፈርሰው ይኼ መስመር ነው፤ ዓይን አንዴ ካየው በኋላ አይተወውም።

ጥብጣቡ ላይ በአንድ ሜትር 144 መብራት አለ። 92 ሳንቲሜትር ላይ 132 ያህል ይሆናል፤ በሁለቱ ጥብጣብ 264። እያንዳንዷ ፒክስል ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት፣ ከነሱም ጋር አንዲት ቺፕ አለች። ብዙ ጊዜ የምታጋጥመው ደብልዩኤስ 2812ቢ የምትባለው ናት። ትዕዛዝ በአንድ ሽቦ ይመጣል፤ የመጀመሪያዋ ፒክስል የራሷን 24 ቢት ትወስድና ቀሪውን ለቀጣይዋ ታሳልፋለች። ለአንዷ 30 ማይክሮሰከንድ ስለሚፈጅ 132ቱ በ4 ሚሊሰከንድ ይዳረሳሉ። ብርሃኑ ሳይቆራረጥ የሚፈስ የሚመስለው በዚህ ፍጥነት ነው። የአሠራሩ ጉዳትም ከዚሁ ይመጣል፦ አንዲት ቺፕ ከሞተች ከእሷ በላይ ያሉት ትዕዛዝ አይደርሳቸውም። ስለዚህ ከመካከሉ በላይ በአንድ ጎን የጨለመ ቱቦ ብታዩ ባትሪውን አትውቀሱ። ጥፋተኛዋ ከጨለማው በፊት ያለችው የመጨረሻዋ የበራች መብራት ወይም ከእሷ ቀጥላ ያለችው ናት።

የኃይሉ ነገር በደንብ ሊታይ ይገባል። አንዲት ፒክስል ሦስቱም ቀለማት ሙሉ ሲበሩ በወረቀት ላይ እስከ 60 ሚሊአምፔር ትስባለች፤ 264ቱ 15.8 አምፔር ይሆናሉ። አዳዲሶቹ ቺፖች ከዚህ ያነሰ ይስባሉ፤ ያም ሆኖ እጀታው ውስጥ ላለች አንዲት 18650 ባትሪ (እንደ ድንጋይ ባትሪ ድቡልቡል የሆነች የሊቲየም ባትሪ) ሸክሙ ከባድ ነው። ስለዚህ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ አትዩ፤ ሳይቋረጥ ስንት አምፔር መስጠት እንደሚችል ጠይቁ። ከ10 አምፔር በታች የሆነ ለነጭ ቀለም አይሆንም። 3,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በአማካይ 3 አምፔር ቢሳብበት በስሌት 1 ሰዓት ይቆያል፤ 8 አምፔር ቢሳብበት 22 ደቂቃ። ቀይ ሰይፍ ከነጭ ሰይፍ ይልቅ የሚቆየው ከሦስቱ መብራት አንዱን ብቻ ስለሚያበራ ነው።

ነጩን አብርታችሁ ጫፉን ልብ ብላችሁ እዩት። ከእጀታው አጠገብ በረዶ የመሰለ ነጭ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ቅቤማ፣ ጫፉ ላይ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ይሆናል። ብዙዎች መብራቱ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ቮልት ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ ኤልኢዲ ለመብራት 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋሉ፤ ቀዩ በ2 ቮልት ይረካል። ባትሪው ሲሞላ 4.2፣ በመካከሉ 3.7 ቮልት ይሰጣል። ከባትሪው እስከ ጫፉ በሽቦ፣ በመገናኛና በጥብጣቡ መዳብ ላይ ያለው ሬዚስታንስ ተደምሮ 0.05 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ 10 አምፔር ሲያልፍበት ግማሽ ቮልት ይበላል። ጫፉ ላይ የሚደርሰው 3.2 ይሆናል፤ ሰማያዊው ይራባል፣ ቀዩ ይነግሣል። መፍትሔው ወፍራም ሽቦ፣ ንጹሕ መገናኛ እና ድምቀቱን ወደ 70 ወይም 80 ከመቶ መቀነስ ነው። ድምቀቱ መቀነሱን ዓይን ብዙ አይለየውም፤ ቀለሙ መስተካከሉን ግን ይለያል።

ቮልቱን በማሳደጊያ ወደ 5 ማድረግ አይሻልም ወይ የሚሉ አሉ። አይመከርም። እጀታው ውስጥ ሆኖ መብራቱንና ድምፁን የሚያዝዘው ተቆጣጣሪ ቦርድ ትዕዛዝ የሚልከው በ3.3 ቮልት ነው፤ ቺፗ ደግሞ ትዕዛዙን የምትሰማው ከኃይል ምንጯ 70 ከመቶ ሲደርስ ነው። በ4.2 ቮልት 2.94 ይበቃታል። በ5 ቮልት 3.5 ትፈልጋለች፤ ያን ጊዜ ትዕዛዙን አንዴ ሰምታ አንዴ ትስታለች፤ ቱቦው ላይ የማይታወቅ ቀለም ይረጫል።

እጀታውንና ቱቦውን የሚያገናኘው በስፕሪንግ የሚገፉ ትናንሽ የነሐስ እሾሆች ያሉበት ክብ ሰሌዳ ነው፤ ቱቦው ሥር ደግሞ የመዳብ ቀለበቶች አሉ። አንደኛው ለኃይል፣ አንደኛው ለመመለሻ፣ አንደኛው ለትዕዛዝ። ከምናውቃቸው ብልሽቶች ግማሹ የሚነሳው ከዚህ ሁለት ሳንቲሜትር ቦታ ነው። ቱቦው ሲወዛወዝ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ካልታዘዘ ቀለም ከተቀየረ ወይም ሲመታ ከጠፋ መጀመሪያ እዚህ ተመልከቱ። ሰይፉን አጥፉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ፤ የጆሮ ጥጥ 90 ከመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክራችሁ እሾሆቹንና ቀለበቶቹን ጥረጉ፤ እያንዳንዱን እሾህ በክብሪት እንጨት ተጭናችሁ ተመልሶ መውጣቱን እዩ። ተጭኖ የቀረ እሾህ ካለ በአልኮሉ ደጋግሞ ማላወስ ብዙ ጊዜ ያስነሳዋል። ከዚያ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ፣ የስፕሪንጉን ግፊት በእጃችሁ እንደያዛችሁ፣ ሁለቱን ብሎኖች እኩል አጥብቁ።

ብሎኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ኤም4 ናቸው፤ የሚፈቱት በ2 ሚሊሜትር ባለስድስት ጎን ቁልፍ ነው። ቱቦውን ነክተው ከቆሙ በኋላ ሩብ ዙር በቂ ነው። ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ፖሊካርቦኔቱ ላይ ጉድጓድ ይወጣል፣ ስንጥቁ የሚነሳውም ከጉድጓዱ ነው። ብሎኑ እየላላ ካስቸገረ የብሎን ማጥበቂያ ሙጫ አትጠቀሙ፤ የዚህ ዓይነት ሙጫ ፖሊካርቦኔትን ይበላል፣ ከቀናት በኋላ ቱቦው ሥር የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ይታያል። የውኃ ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ቴፍሎን ክር አንድ ዙር ጥርሱ ላይ መጠቅለል ይበቃል። ቱቦውንም በአሴቶን ወይም በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አትጥረጉ። ለብ ያለ ውኃና ትንሽ ሳሙና በጨርቅ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ማስመሰሉ እንምጣ። ብርሃንን ጠጣር የሚያስመስለው ግማሹ ድምፅ ነው። በ1977 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የስታር ዋርስ የመጀመሪያ ፊልም ሲሠራ የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት የሰይፉን ጉምጉምታ ያገኘው ከአሮጌ ፊልም ማሳያ ሞተርና ከቴሌቪዥን ጉርምርምታ ነው። ከዚያ ያንን ድምፅ በስፒከር እያሰማ ማይክሮፎኑን ፊት ለፊቱ አወዛወዘ፤ «ውውም» የሚለው የመወዛወዝ ድምፅ የተወለደው እንዲህ ነው። የዛሬ ቦርዶችም ያንኑ ነው የሚቀዱት። እንቅስቃሴ ለኪው ሰይፉ በምን ፍጥነት እንደሚዞር ያነብባል፤ ቦርዱ ሁለት ተመሳሳይ ድምፆችን በዚያ ፍጥነት ልክ እርስ በርስ ያቀላቅላል። ዝግ ብላችሁ ስታንቀሳቅሱት ድምፁ ከእጃችሁ ጋር ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ባዶው አየር ክብደት ያለው ይመስላል። ርካሾቹ ቦርዶች ግን ሰይፉ ከተወሰነ ፍጥነት ሲያልፍ የተቀዳ አንድ ድምፅ ይለቃሉ፤ እጃችሁ ቆሞ ድምፁ ይቀጥላል። ለስላሳ ማወዛወዝ የሌለው ቦርድ ስንት መብራት ቢኖረው አንመክርም።

የግጭት ስሜቱም ይስተካከላል። ፋብሪካው የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ በጣም ንቁ ስለሆነ በፍጥነት ስታዞሩት ሳይነካ «ጯ» ይላል። ከምናሌው አንድ ሁለት ደረጃ ቀንሱት፤ በመዳፋችሁ ቱቦውን ቸብ ስታደርጉ የሚሰማ፣ በአየር ላይ ስታቆሙት ደግሞ የማይሰማ መሆን አለበት። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ከማንኛውም አዲስ ቀለም ይልቅ ሰይፉን ይለውጠዋል።

ብርሃኑ ከእጀታው ጫፍ እስከ ላይ የሚያድግበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ 300 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። እውነተኛ ብርሃን 92 ሳንቲሜትርን በ3 ናኖሰከንድ ይጨርሳል፤ መቶ ሚሊዮን ጊዜ ይፈጥናል ማለት ነው። በ1999 ሌነ ሃው የተባለችው የሃርቫርድ ፊዚሲስት እና ባልደረቦቿ ብርሃንን እጅግ በቀዘቀዘ የሶዲየም ጋዝ ውስጥ አሳልፈው ወደ 17 ሜትር በሰከንድ አዘግይተውታል፤ በሰዓት 61 ኪሎሜትር፣ በቀለበት መንገድ ላይ እንደሚሄድ መኪና። ያ የተጎተተ ብርሃን እንኳ ይህን ቱቦ በ54 ሚሊሰከንድ ይሞላው ነበር፤ ከአሻንጉሊቱ አምስት ስድስት ጊዜ ይቀድማል።

«እውነተኛው» ለምን አይሸጥም የሚል ጥያቄ ስለሚነሳ መልሱን ማወቅ ለገዢም ይጠቅማል፤ እውነተኛ ነው ብሎ የሚሸጥ አይጠፋምና። ብርሃን በራሱ አይቆምም፤ የእጅ ባትሪ ብታበሩ ጨረሩ አየር ላይ አንድ ሜትር ሄዶ አይገታም። ከጎን አይታይም፤ በቤተ ክርስቲያን መስኮት የገባው የፀሐይ ጨረር እንደ ምሰሶ ቆሞ የሚታየው የዕጣኑ ጢስ ሲበትነው ነው። ሁለት ጨረር ቢገናኙም አንዱ በሌላው ውስጥ ሳይነካው ያልፋል። ብርሃን ከብርሃን ሲጋጭ ለማየት ሰርን የተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ተመራማሪዎች የእርሳስ አተም እምብርቶችን ለብርሃን ፍጥነት በቀረበ ፍጥነት እርስ በርስ አቅራቢያ ማሳለፍ ነበረባቸው፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው የአትላስ ቡድን ማስረጃውን በ2017 አቀረበ፣ በ2019 አጸናው።

ብርሃን ይገፋል፤ ግን ግፊቱን በቁጥር እዩት። አንድ ዋት ብርሃን የሚያርፍበትን ነገር የሚገፋው በ3.3 ናኖኒውተን ነው፤ ከመስተዋት ላይ ቢመለስ እጥፉ። ከሰይፉ 10 ዋት ብርሃን ቢወጣ እንኳ ግፊቱ ከአንዲት ትንኝ ክብደት በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። የታላቁ የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ሙሉ ኃይል አንድ ጨረር ሆኖ መስተዋት ላይ ቢያርፍ የሚሸከመው 3 ኪሎ ተኩል ነው። ሌላ ሰይፍ የሚመክት ብርሃን በግፊት አይሠራም።

ነገር ግን ጠጣር ብርሃን የሚለው ቃል ባዶ ልቦለድ ሆኖ አልቀረም፤ ይህ ዘርፍ ዛሬ በጣም ሕያው ነው። መንገዱ ብርሃንን ከቁስ ጋር ማዳቀል ነው። በ2013 ሚካኢል ሉኪን እና ቭላዳን ቩሌቲች የመሩት የሃርቫርድና የኤምአይቲ ቡድን ደካማ የሌዘር ብርሃን በቀዘቀዘ የሩቢዲየም አተም ደመና ውስጥ አሳልፎ ሁለት ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ተጣምረው ሲወጡ አየ። አንዱ ፎቶን በአቅራቢያው ያሉትን አተሞች ስለሚያስቸግራቸው ሁለተኛው እንደፈለገ ማለፍ አይችልም፤ እርስ በርስ የሚነካኩት በአተሞቹ በኩል ነው። በ2018 ሦስት ፎቶኖች አጣመሩ፤ የተጣመሩት ከተለመደው ብርሃን 100,000 ጊዜ ያህል ዘገምተኛ ነበሩ፣ የኤሌክትሮንን ጥቂት ክፍልፋይ የሚያህል ክብደትም ይዘው ነበር።

ከዚህም ይልቅ ወደ «ጠጣር» የቀረበው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። በ2019 ስምንት ቦታዎች ባሉት የሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ሬዚስታንስ የሚያሳልፍ ቁስ) ሰንሰለት ላይ የማይክሮዌቭ ፎቶኖችን በእያንዳንዱ ቦታ አንድ አንድ አስቀመጡ፤ ፎቶኖቹ እርስ በርስ ስለሚገፉ አንዱ ወደሌላው ቦታ መፍሰስ አልቻለም። ጠጣር ማለት በመሠረቱ ይኼ ነው፤ እያንዳንዱ ቦታውን ይዞ፣ ጎረቤቱን «አትግባብኝ» ሲል። በ2025 ደግሞ ጣሊያን ሌቼ ከተማ ያለው የናኖቴክ ተቋም ተመራማሪዎች በጋሊየም አርሴናይድ ቺፕ ውስጥ ብርሃንና ቁስ የተዳቀለበትን ፖላሪቶን ተጠቅመው ሱፐርሶሊድ አገኙ፦ እንደ ጠጣር ቅርጽ የያዘ፣ እንደ ፈሳሽ ያለ ግጭት የሚፈስ። እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት በቀዘቀዘ ቤተ ሙከራ፣ በጥቃቅን ቺፕ ወይም በጋዝ ጠብታ ውስጥ ነው፤ በእጅ የሚያዝ አንዳቸውም አይደሉም። ቢሆንም ልቦለዱ ከገመተው ይልቅ ያስደንቃሉ ብለን እናምናለን፤ ሰይፉን ለልጅ የምትገዙ ካላችሁ ይህንንም አብራችሁ ንገሩት።

«እውነተኛ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ሰማያዊ ሌዘር ነው፤ አፉ ላይ ቱቦ ተሰክቶለት። ከ500 ሚሊዋት በላይ የሆነ ሌዘር ደረጃ 4 ይባላል፤ ቀጥታ ብቻ ሳይሆን ከግድግዳ ተመልሶም ዓይን ያጠፋል፣ ወረቀትና ጨርቅ ያቃጥላል። ቱቦው ሲወልቅ የሚከለክለው ነገር የለም። ቤት ውስጥ አታስገቡት። የኤልኢዲ ሰይፍ እንዲህ ያለ አደጋ የለውም፤ ነጩን በሙሉ ድምቀት በቅርብ አተኩሮ ማየት ግን ለማንም አይመከርም።

ዕቃው ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የምትሠሩት ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ኮፒ ማድረግ ነው። የድምፅ ፋይሎቹና ቅንብሩ ያሉት እዚያ ነው፤ ካርዱ ከተበላሸ ሻጩ የላከውን ቅጂ ማግኘት ያስቸግራል። ድምፅ ጠፍቶ መብራቱ ብቻ ከሠራ ካርዱ ከቦታው ተነቃንቆ ሊሆን ይችላል፤ አውጥታችሁ መልሱት። ቀጥሎ ቻርጅ። 5 ቮልት 1 አምፔር የሚሰጥ ተራ ቻርጀር በቂ ነው፤ ባዶውን ባትሪ በሦስት ወይም አራት ሰዓት ይሞላዋል። ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው እጀታ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ቻርጅ አላደርግ ካለ አልተበላሸም። ብዙ አምራቾች ቻርጀሩ ኃይል እንዲለቅ የምታሳውቀውን ትንሽ ሬዚስተር ስለማያስገቡ ነው። በአሮጌው ሰፊ ዩኤስቢ በኩል የሚሰካ ገመድ ተጠቀሙ፣ ወዲያው ይሠራል።

መለዋወጫ ቱቦ ለማዘዝ ካሰባችሁ ከእጀታው ጋር አንድ ላይ እዘዙ። የመገናኛው ቀለበቶች አቀማመጥ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከሌላ ቦታ የተገዛ ቱቦ በልክ ገብቶም ላይበራ ይችላል፤ ኃይልና መመለሻ የሚያቀያይር ከሆነ ደግሞ ጥብጣቡን ያቃጥላል።

ከውጭ በሰው እጅ የምታስመጡ ከሆነ ለተጓዡ አስቀድማችሁ ንገሩት። መለዋወጫ ባትሪ አውሮፕላን ውስጥ በእጅ በሚያዝ ሻንጣ ብቻ ይጓዛል፤ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው። አንዲት 3,000 ሚሊአምፔር ሰዓት 18650 ባትሪ 11 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነች ከአየር ጉዞው የ100 ዋት ሰዓት ገደብ በጣም ታንሳለች። ሰይፉ ግን ፍተሻ ላይ እንዳያስቸግረው በሚጫነው ሻንጣ ይግባ፤ ባትሪው እጀታው ውስጥ ካለ በደንብ መጥፋቱ ይረጋገጥ። 71 በ48 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ 81 ሳንቲሜትሩ ቱቦ በሰያፍ ይተኛል። 92ቱ ከታች ጥግ እስከ ላይኛው ተቃራኒ ጥግ ቢሞከርም በአንድ ሳንቲሜትር ይተርፋል።